እርጅና የደዌ ስም አይደለም

በላስታ አገር፥ ከላሊበላ ከተማ አንሥቶ እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ድረስ በተቀመጡት መንደሮች፥ ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ሲከሳ፥ ሲያስል፥ እህል ሲያስጠላው፥ ሌሊት ላብ ሲያጠምቀው፥ ጎረቤትም ዘመድም የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው። «እርጅና ነው» ይባላል። ይህችን ቃል የሚናገራት ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ታማሚውን ለማጽናናት፥ ራሱንም ለማሳረፍ ነው። ነገር ግን ቃሊቱ ለስላሳ ስለ ሆነች የምታደርሰው ጉዳት አይቀንስም። ሊገታ በሚችል ደዌ የሞተውን ሽማግሌ በእርጅና ሞተ ብለን እንቀብረዋለን፤ ተዝካሩን አውጥተን፥ የተረፈችውን ሚስቱንም በዚያው ቃል እያጽናናን ወደዚያው መቃብር እንሸኛታለን። እንግዲህ ዛሬ በዚህ ገጽ የምከራከረው ከዚህች ቃልና እርሷን መሸሸጊያ ካደረጓት ሰዎች ጋራ ነው።

ከዚህች ቃል በታች ከሚሰወሩት ደዌዎች አንዱ ኤች አይ ቪ ነው። ይህ ቫይረስ በሰው ደም ውስጥ ከገባ በኋላ የሰውነት ዘበኞች የሆኑትን ነጭ የደም ሕዋሳት ጥቂት በጥቂት ይጨርሳቸዋል። ሐኪሞች ሲዲ ፎር ብለው የሚጠሯቸው እነዚህ ሕዋሳት በጤነኛ ሰው ዘንድ በአንድ ኩብ ሚሊ ሜትር ደም ውስጥ ከ500 በላይ ናቸው። ከ200 በታች ሲወርዱ የዓለም ጤና ድርጅት ደዌው እጅግ የገፋ ነው ብሎ ይቈጥረዋል። መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ቫይረሱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ወደዚህ ደረጃ እስኪደርስ በአማካይ 10 ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ ዕድሜው በገፋ ሰው ላይ ግን ጊዜው ያጥራል። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰውየው ያርሳል፥ ይነግዳል፥ በቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ ይህ ነው የሚባል ምልክት ሳይታይበት ይኖራል።

ምልክቱ ሲመጣም የራሱን ስም ይዞ አይመጣም። ክሳት፥ ድካም፥ የማይቈርጥ ተቅማጥ፥ በአፍ ውስጥ የሚወጣ ነጭ ነገር፥ ሳንባ ነቀርሳ፥ ሕዝቡ አልማዝ ባለ ጭራ የሚለው በአንድ ጎን የሚወጣ የሚያቃጥል ሽፍታ፥ መርሳትና የሐሳብ መበተን ናቸው። ከእነዚህ የሚበዙት ኤች አይ ቪ በሌለበት ሽማግሌም ላይ ይታያሉ፤ ስለዚህ ዓይን ብቻውን ሊለያቸው አይችልም። የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ሳይፈልግ ቢቀመጥ መምህሩ ይገሥጸዋል። በሽማግሌ ሰውነት ላይም ለሁሉ የሚታየው ሰም እርጅና ነው፤ ከውስጥ ያለው ምሥጢር ግን ሳይመረመር አይታወቅም። ተማሪው በቅኔው ቢሳሳት ይታረማል፥ ነገም ሌላ ቅኔ ይቈጥራል። በሕሙም ሰው ላይ የተሳሳተ ግን ነገ የሚታረምበት ጊዜ አያገኝም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ሽማግሌው ከዓይን እንዴት እንደ ወጣ ከመነሻው እንመልከት። ይህ ደዌ በዓለም ላይ በመጀመሪያ የተነገረው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው። በአገራችን ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም. ተመዘገቡ። በዚያ ዘመን ደዌው ጎልማሳውንና ወጣቱን ስለ ፈጀ፥ ትምህርቱም በየትምህርት ቤቱ፥ በየካምፑ፥ በየመጠጥ ቤቱ ለእነርሱ ተሰጠ። ይህ ተገቢ ነበረ። የማይገባው ግን ትምህርቱ ለወጣት ስለ ተሰጠ ደዌውም የወጣት ብቻ ነው ብሎ ማመን ነው። ዝናብ በቈላ ሲዘንብ ያየ ሰው ደጋው ደረቅ ነው ብሎ እንደ መማል ያለ ነገር ነው።

አቈጣጠሩም ይህን ስሕተት አጸናው። በአገራችን በሚደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ላይ የኤች አይ ቪ የደም ምርመራ የተጨመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከ100 ሰው በ1.4፥ በ2003 ዓ.ም. በ1.5፥ በ2008 ዓ.ም. በ0.9 ቫይረሱ ተገኘ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፥ ይህ መቶኛ የማን እንደ ሆነ ልብ በል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ሰዎች መቶኛ ነው። ጥናቱ ከመነሻው ስለ ወሊድና ስለ ሕፃናት የተሰናዳ ስለ ሆነ፥ ሴት በ49 ዓመቷ፥ ወንድም በ59 ዓመቱ ከመዝገቡ ይወጣሉ። የ50 ዓመት እናትና የ60 ዓመት አባት ደማቸው አልተጠየቀም። በ2010 ዓ.ም. የተደረገው ሌላ ጥናት እስከ 64 ዓመት ድረስ ቈጠረ፤ ከ100 ሰውም በ3ቱ ቫይረሱን አገኘ፤ ከእነዚህም መካከል 79 በመቶ ያህሉ ብቻ ቫይረሱ እንዳለባቸው ታውቆላቸው ነበር። ይህም ጥናት ቢሆን በከተሞች ብቻ የተደረገ ነው፤ የብልብላ ገበሬ ወይም የገነተ ማርያም ባልቴት በውስጡ የሉበትም። ጥናት ለተሠራለት ነገር መልካም ነው፤ እኔም ጥናቱን አልነቅፍም። የምነቅፈው፥ ያልተቈጠረውን ሰው እንደሌለ አድርጎ የሚያስበውን ልማድ ነው።

የሸመገሉት ሕሙማን ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ቀድሞ ተመርምሮ፥ መድኃኒት ጀምሮ፥ በመድኃኒቱ ኃይል ለሽበት የበቃ ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በክፍያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮም በነፃ ይሰጥ ጀመር። በዚያን ጊዜ የ40 ዓመት ሰው የነበረ ዛሬ 60 አልፎታል። ቀድሞ «ዓመት አይቈይም» የተባለለት ሰው የልጅ ልጅ አቅፎ ይታያል። ይህ ወገን የምስክር ወገን ነው። ሁለተኛው ወገን ግን በ50 በ60 በ70 ዓመቱ ቫይረሱን ይዞ ሳለ ማንም ያልጠየቀው፥ ራሱም ያልጠረጠረ ነው። የመጀመሪያውን ያዳነው መድኃኒት ለሁለተኛውም በዚያው ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ነው፤ አንደኛው ተጠየቀ፥ ሁለተኛው አልተጠየቀም።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንዲት ባልቴት እናስብ። ባሏ ነጋዴ ነበረ፤ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ፥ ከዚያም ወደ ደሴ እየተመላለሰ ይነግድ ነበር። እርሷ 58 ዓመት ሲሆናት እርሱ ከስቶ ሞተ፤ «የሆድ በሽታ ነው» ተባለ። በዓመቱ ዓለሙን ትታ ቆብ ደፋች፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ቀልሳ በጾምና በጸሎት ተቀመጠች። ከ6 ዓመት በኋላ ትከሳ፥ ታስል ጀመር። ሰው ሁሉ «ጾሙና ስግደቱ ጎዳት» አለ። ወደ ጤና ጣቢያ በሄደች ጊዜ፥ ከእርሷ በፊት የገባችውን የ25 ዓመት ሴት ሁሉን ነገር የጠየቀው ጎበዝ ነርስ ለእርሷ «እማሆይ፥ ዕድሜዎ ገፍቶ ነው፤ የሚያበረታ ነገር ልስጥዎት» ብሎ ሸኛት። ይህ ሰው አክብሯታል፤ በአክብሮቱም ከመድኃኒቷ ለይቷታል። ቆቡ የተደፋው ከ5 ዓመት በፊት ነው፤ ቫይረሱ ግን ቆቡ ሳይደፋ፥ በሕግ ጋብቻዋ ሳለች፥ በገዛ መኝታዋ ላይ የገባ ሊሆን ይችላል። የምንኵስናዋ ንጽሕና ዛሬ ያለችበትን ኑሮ ይመሰክራል እንጂ ደሟ ትናንት ያገኘውን ነገር አይሰርዝም።

ከዚህ በኋላ ተቃዋሚዎቼን በየተራ ልመልስ። የመጀመሪያው፥ «ሽማግሌን ስለ ሩካቤ መጠየቅ ነውር ነው፤ አባቱን የሚያህል ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ወጣቶቹ የጤና ባለሙያዎች ናቸው። አባትን ማክበር ትእዛዝ ነው፤ አከራካሪ አይደለም። ነገር ግን ክብር ምን እንደ ሆነ እንጠይቅ። አባቱ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሳለ «ከኋላው መጮኽ ብልግና ነው» ብሎ ዝም ያለ ልጅ አባቱን አክብሯልን? ደግሞም ምርመራው የኀጢአት ዝርዝር አይጠይቅም። የሚፈልገው ከጣት ጫፍ አንድ ጠብታ ደም ነው። ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይታወቃል፤ ቫይረስ አለ የሚል ቢሆን በሌላ ዓይነት መመርመሪያ ተደግሞ ይረጋገጣል። «አባባ፥ ለሚያስል ሰው ሁሉ የምናደርገው ምርመራ አለ፤ ይፈቅዱልኛል?» ብሎ መናገር ከየትኛው የአክብሮት ሥርዐት ይወጣል? ለሁሉ የሚደረግ ነገር ማንንም አያሳፍርም። አሳፋሪ የሚያደርገው ለተጠረጠረ ብቻ ሲደረግ ነው።

እርግጥ ነው፥ በአገራችን ስልት ምርመራ በቅድሚያ የሚሰጣቸው ወገኖች ተለይተዋል፤ ሴተኛ አዳሪዎች፥ የረጅም መንገድ ሾፌሮች፥ የሕግ ታራሚዎች፥ ደግሞም ባላቸው የሞተባቸውና ከትዳር የተለያዩ ሰዎች ይገኙበታል። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ ባልቴቲቱ አለች። ነገር ግን ወረቀቱ «ባል የሞተባት» ሲል፥ አንባቢው በሐሳቡ የሚያያት የ30 ዓመቷን ብቻ ነው። የ64 ዓመቷ ስትገባ ባልቴትነቷ ይረሳና አሮጊትነቷ ብቻ ይታያል። ስለዚህ የጎደለው መመሪያ ብቻ አይደለም፤ የጎደለው መመሪያውን ለሽበትም የሚያነብ ዓይን ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ፥ «ሽማግሌ ከሥጋ ፈቃድ የራቀ ነው፤ ይህ ደዌ በእርሱ ዘንድ ምን ይሠራል?» ይላል። ይህን የሚል ሰው መጽሐፍ አላነበበም። በሶስና ታሪክ ውስጥ በአትክልቱ ቦታ የተሸሸጉት ሁለቱ ሰዎች ጎረምሶች አልነበሩም፤ የሕዝብ ሽማግሎችና ዳኞች ነበሩ። አብርሃምና ሣራም ይስሐቅን በስንት ዓመታቸው እንዳገኙት ልጅ ሁሉ ያውቃል። መጽሐፍ የሽማግሌን ሥጋ ሥጋ ነው ሲል እኛ ድንጋይ ነው ብንል የምንዋሸው በማን ላይ ነው? በአገራችንም ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ የምትጦረውን ሴት ያገባል፤ የፈታችም ሴት በ50 ዓመቷ ሌላ ቤት ትሠራለች፤ ይህም ነውር የለበትም። ልጅ መውለድ ሲቀር ደግሞ መጠንቀቅም አብሮ ይቀራል። ከዚህም ሌላ፥ ዋነኛው የመተላለፊያ መንገድ ሩካቤ ቢሆንም፥ አንድ ምላጭ ለብዙ ሰው ማድረግም አደጋ አለበትና፥ ዋግምት ለሚታገምና ለሚያስታግም ሁሉ ይህ ምክር ነው።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ከሁሉ ይልቅ ጨካኝ ነው። «ዕድሜውን ጨርሷል፤ ቢታወቅስ ምን ይጠቅማል? ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ለወጣቱ እናድርጋት» ይላል። ለዚህ ሦስት መልስ አለኝ። አንደኛው፥ መድኃኒቱ ለሽማግሌም ይሠራል። ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና ለብዙው ሰው በቀን አንድ እንክብል ነው። የሸመገለ ሰው ሕዋሳቱ እንደ ወጣት ፈጥነው አይመለሱም፤ ነገር ግን ይህ ቀድሞ ለመጀመር ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ቀስ ብሎ የሚበቅል ዘር ቀድሞ ይዘራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፥ የሕዋሱ ቍጥር ስንት ነው ሳይባል፥ ወዲያው መድኃኒት ይጀምር ብሎ ሲወስን የዕድሜ ጣሪያ አላበጀም። ሁለተኛው፥ ሽማግሌው ብቻውን አይኖርም። ሚስት አለችው፤ ምናልባትም በሽምግልናው አዲስ ያገባት ናት። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስድ፥ ቫይረሱም በደሙ በምርመራ የማይታይ ሰው በሩካቤ ለሌላ አያስተላልፍም፤ ያልታወቀለት ሰው ግን ሳያውቅ ያስተላልፋል። ሦስተኛው፥ ዘግይቶ የታወቀ ሕሙም በሳንባ ነቀርሳ ወይም በአንጎል ሽፋን ሕመም ተይዞ፥ በቃሬዛ ተጭኖ፥ አልጋ ይዞ፥ ልጆቹን ከእርሻ አውጥቶ የሚከፈለውን ሁሉ ያስከፍላል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው። ጠብታ ደም ለመመርመር የሳሳ ሰው በኋላ ጥማድ በሬ ይሸጣል።

ደግሞስ ዕድሜን ጨርሷል የሚለው ማነው? በላስታ አገር የ65 ዓመት ሰው ምን እንደሚሠራ እንቍጠር። ጠብ ሲነሣ ደም የሚያደርቀው እርሱ ነው። ድጓውን፥ ዝማሬውን፥ ቅዳሴውን፥ ቅኔውን በቃሉ ይዞ ለተማሪ የሚያወርደው እርሱ ነው። ልጆቻቸው ወደ ከተማ የሄዱባቸውን የልጅ ልጆች የምታሳድገው አያቲቱ ናት። ለልደት በዓል በታኅሣሥ 29 ከየአገሩ የሚመጣውን እግረኛ የምታሳድረው፥ እግሩን የምታጥበው እርሷ ናት። አንድ መምህር በ60 ዓመቱ ሲሞት የሚቀበረው አንድ አስከሬን ብቻ አይደለም፤ ገና ያልተነገረ ትምህርት አብሮት ይቀበራል።

አራተኛው ተቃዋሚ ከወገኖቼ መካከል ነው፤ ስለዚህ ለእርሱ በርትቼ እመልሳለሁ። «ለሽማግሌ የሚገባው ጠበልና ጸሎት ነው፤ ሐኪም ቤት የእምነት ጕድለት ነው» ይላል። ወንድሜ ሆይ፥ ይህን ትምህርት ከየት አገኘኸው? መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፥ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣው፥ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ ጸሎቱ ተሰማ፥ 15 ዓመትም ተጨመረለት። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ የታዘዘው መድኃኒት የእምነት ጕድለት ነበረን? ወንጌልን የጻፈው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረምን? በዘመናችንም ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን በአንድነት እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። እንግዲህ ሕሙሙን «መድኃኒቱን ጥለህ ና» የሚለው አጥማቂ የማንን ቃል ይዞ ነው? መድኃኒቱ በተቋረጠ ጊዜ ቫይረሱ ይመለሳል፤ በእንክብሉ የማይሸነፍ ሆኖም ሊነሣ ይችላል። ሕሙሙ ሲሞት ደግሞ «እምነቱ ጐደለ» ተብሎ በሞቱ ላይ ሐሜት ይጨመርበታል።

ይልቁንም ካህናት ሆይ፥ ኦሪት ዘሌዋውያንን በ13ኛው ምዕራፍ ተመልከቱ። ሕሙም ሰው የሚታየው በካህኑ ፊት ነበረ። ካህኑ ምልክቱን አይቶ ነገሩ ባልታወቀ ጊዜ ሰውየውን 7 ቀን ያቆየውና በ7ኛው ቀን ዳግመኛ ያየው ነበር፤ በግምት አይፈርድም። ዕድሜው ስንት ነው፥ ሽበት አለው ወይ፥ የተከበረ ነው ወይ የሚል ጥያቄም በዚያ ሥርዐት ውስጥ የለም። ዛሬም ሐኪሙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቫይረሱ አዲስ ከገባ እስከ 3 ወር በምርመራ ላይታይ ይችላልና ዳግመኛ ተመርመር ይላል። የኦሪት ካህን ሳይመረምር «እርጅና ነው» ብሎ ቢሸኝ ኖሮ የሕዝቡን ሰፈር ምን ይጠብቀው ነበር?

አምስተኛው ተቃዋሚ የሚናገረው በሹክሹክታ ነው። «ሽማግሌው ቫይረሱ ቢገኝበት ስሙ ይጠፋል፤ ልጆቹም ያፍራሉ» ይላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለማን የተነገረ ይመስላችኋል? ደዌ የኀጢአት መዝገብ አይደለም። በሕግ ጋብቻ የጸናች ሴት ከባሏ ትይዘዋለች፤ ሴሰኛም ሆኖ ሳይዘው የሚቀር አለ። ኀጢአትን መስማት የንስሐ አባት ሥራ ነው፤ ደምን ማየት የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ንስሐውንም ሕክምናውንም ያበላሻል። ልጆች ሆይ፥ አባታችሁ ከስቶ ሲያልቅ እያያችሁ ስሙን ለመጠበቅ ዝም ካላችሁ፥ የምትጠብቁት የእርሱን ስም ሳይሆን የራሳችሁን ስም ነው።

ለላስታ ሰው ነገሩ ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብድበት ምክንያትም አለ። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ በዙሪያዋ ካሉት ተራሮች ሕሙም የሚወርደው በበቅሎ ወይም በሰው ትከሻ ነው። በሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዪቱን ደረሰባት፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ በሰሜን ወሎም ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘረፉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ ደግሞ መንገዱን እየዘጋ ሕዝቡን አስጨነቀ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ፥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች በመላው አገር ውላቸው ተቋረጠ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ መከራ ማንኛውም በመጠየቅና ባለመጠየቅ መካከል አይገባም። ሽማግሌው ወንዝ ተሻግሮ፥ ገደል ወርዶ፥ በመጨረሻ ከነርሱ ፊት በተቀመጠ ጊዜ ሳይጠየቅ ቢመለስ፥ ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። እንዲያውም ሁለተኛ ለመምጣት ስለሚከብደው፥ የመጣባት አንዲት ቀን ሳትባክን ሁሉ ሊታይለት ይገባል።

እንግዲህ ነቅፎ ዝም ማለት አይገባምና ሊደረግ የሚገባውን ልናገር። የጤና ባለሙያዎች ሆይ፥ ለሚከሳ፥ ለሚያስል፥ ተቅማጥ ለማይቈርጥለት፥ አልማዝ ባለ ጭራ ለወጣበት ሰው ምርመራውን አቅርቡለት፤ የልደት ዘመኑን ለመድኃኒት መጠን ጠይቁት እንጂ ለመተው ምክንያት አታድርጉት። እምቢ ቢል ፈቃዱ ነው፤ ሳይጠየቅ መቅረቱ ግን ፈቃዱ አይደለም። በየቀበሌው ቤት ለቤት የምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ ነፍሰ ጡሯንና ሕፃኑን ባያችሁበት ቤት በምድጃው ዳር የተቀመጡትን አያትም እዩ። አሠሪዎቻችሁም የምርመራውን ውጤት ከ50 ዓመት በላይ ላሉት ለብቻው ይመዝግቡት፤ የሚታይ ቍጥር ከሌለ የሚመደብ ገንዘብ የለምና።

የንስሐ አባቶች ሆይ፥ በብዙ አጥቢያ ወጣት ተጋቢዎች ከጋብቻቸው በፊት ተመርምረው እንዲመጡ ትጠይቃላችሁ፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን አብረው ኖረው በሽምግልናቸው ለቍርባን የሚዘጋጁትን ባልና ሚስት፥ ሚስቱ ሞታበት ሁለተኛ የሚያገባውን ሽማግሌ፥ ቆብ ልትደፋ የመጣችውን ባልቴት፥ ስለ ነፍሳቸው ስትመክሯቸው ስለ ደማቸውም ምከሯቸው። ምክር በሉት፥ ግዴታ አታድርጉት፤ በውጤቱም ማንንም ከምሥጢራትም ከማኅበርም አትለዩበት። የሰማችሁትንም እንደ ንስሐ ምሥጢር ጠብቁት። የቅሬና የሰንበቴ አለቆች ሆይ፥ ለቀብር የምትሰበስቡት ሰው በሕይወት ሳለ ለምርመራም ይሰማችኋል። ጤና ጣቢያው ከበዓል ቀን በኋላ ባለሙያ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ በመጀመሪያም ራሳችሁ ጣታችሁን ዘርጉ። ሽማግሌ የሚከተለው ሽማግሌን ነው።

አንተም ሽበት የበቀለብህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሁሉ የተጻፈው ስለ ሌላ ሰው ነው ብለህ ገጹን አትግለጥ። ለፈተና የሚቀርበውን ደብተራ መምህሩ ዕድሜውን አይጠይቀውም፤ ቅኔህን አምጣ ይለዋል። ሐኪሙም ጠብታ ደምህን ቢጠይቅህ ክብርህን መንካቱ አይደለም። ቫይረሱ ከሌለብህ በሰላም ትመለሳለህ፤ ቢገኝብህም በቀን አንድ እንክብል ይዘህ ወደ ማሳህ፥ ወደ ማኅሌትህ፥ ወደ ልጅ ልጆችህ ትመለሳለህ። ሳትጠየቅ ቢሸኙህ ግን «እርጅና ነው» ለሚልህ ሰው፥ «እርጅናስ ዕድሜዬ ነው፤ ደዌዬ ማን እንደ ሆነ ንገረኝ» ብለህ መልስለት፤ መልሱንም ሳትሰማ ከደጁ አትነሣ።